ዝናብ ሲዘንብ፦ አንድ የጃፓንኛ ዐረፍተ ነገር በዲላ የቡና ጓሮ

«ሃሩ ኒ ናሩ ቶ፣ ሳኩራ ጋ ሳኩ።» ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ይህን ዐረፍተ ነገር ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ማግኘቱ አይቀርም። «ጸደይ ሲሆን ሳኩራ ያብባል» ማለት ነው። ሳኩራ እንግሊዞች ቼሪ የሚሉት የዛፍ ዓይነት ሲሆን፣ ጃፓኖች አበባውን በየዓመቱ በጉጉት ይጠብቁታል፤ ስለ ማበቡ እንደሚገጥሙ ሁሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለ መርገፉም ይገጥማሉ። እኔ ይህን ዐረፍተ ነገር ያገኘሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በገዛሁት፣ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መማሪያ ውስጥ ነው። መጽሐፉን የገዛሁት ጃፓንኛን ለማስተማር አልነበረም። ለንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ስለ ጃፓን አጭር ግጥም ጥቂት ነገር ለማለት ስዘጋጅ፣ በእጄ ያሉት ትርጉሞች ሁሉ በእንግሊዝኛ በኩል የመጡ መሆናቸው ስለ ከነከነኝ ነው።

ዲላ ላይ ሳኩራ የለም። ስለዚህ ያላየሁትን ዛፍ እያሰብሁ ከመሸምደድ፣ ዐረፍተ ነገሩን ወደ ሰፈሬ ማምጣትን መረጥሁ፤ «አሜ ጋ ፉሩ ቶ፣ ኮሂ ኖ ሃና ጋ ሳኩ።» «ዝናብ ሲዘንብ የቡና አበባ ይፈካል» እንደ ማለት ነው። ይህ በጌዴኦ ምድር የሰዋስው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከእንሰቱ አጠገብ፣ ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ያለው ቡና በበጋው ወራት እንቡጡን ይዞ ያንቀላፋል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲነካው ይነቃል፤ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላም ጓሮው በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል። መዓዛው መንገደኛውን ያስቆማል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ግን አበባው ጠውልጎ መርገፍ ይጀምራል። የሰው፣ የእንሰት፣ የቡናና የጥላ ዛፍ እንዲህ ተደጋግፎ መኖር፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጃፓንኛን ማስተማር አይደለም፤ ለዚያ የሚበቃ ዕውቀትም የለኝም። ዓላማው ከላይ የሰፈረችውን አንዲት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል እየፈቱ በመሄድ፣ አማርኛ ለጃፓንኛ የት ላይ እንደሚቀርብና የት ላይ እንደሚርቅ ማሳየት ነው። ይህም የሚጠቅመው የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ አንድ ቀን በቀጥታ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዚህ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሊገኝ እንደሚችል አምናለሁ።

በመሠረቱ ጃፓን ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያው ጉዞ ዋዜማ የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥትም ከጃፓን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ብዙ የወሰደ መሆኑ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1946 ዓ.ም. አቀረቡ። በሁለቱም ዘንድ ጃፓን የሥልጣኔ ምሳሌ ናት፤ ፋብሪካዋ፣ ትምህርት ቤቷ፣ ሠራዊቷ ይታያል። ሰዎቿ ስለ ዝናብና ስለ አበባ ሲናገሩ ግሱን የት ላይ እንደሚያስቀምጡት መጠየቅ የእነርሱ ሥራ አልነበረም። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ግን ነው።

ቃላቱ

«አሜ» ዝናብ ነው። በቶኪዮ አነጋገር የመጀመሪያው ፊደል ድምፁ ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ሲል ዝናብ ይሆናል፤ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ከወጣ ግን ከረሜላ ነው። «ሃና» አበባ ነው፤ አፍንጫም ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ሲነገሩ አይለዩም። ልዩነታቸው የሚሰማው ተለጣፊው «ጋ» ሲከተላቸው ነው፤ ከአበባ በኋላ «ጋ» ዝቅ ይላል፣ ከአፍንጫ በኋላ ከፍ እንዳለ ይቀራል። እኔ ይህን ልዩነት በጆሮዬ ለመያዝ ወራት ፈጅቶብኛል። አንድ ለእርሻ ጥናት የመጡ ጃፓናዊ እንግዳ ስለ ቡናችን አፍንጫ ሳወራላቸው በትዕግሥት ሲሰሙኝ እንደ ነበር ኋላ ነው የገባኝ።

«ኮሂ» ቡና ነው፤ ሁለቱም አናባቢዎች ረዘም ተደርገው ይነገራሉ። ቃሉ ከዐረብኛው «ቃህዋ» ተነሥቶ በቱርክኛና በሆላንድኛ በኩል አልፎ ጃፓን የገባ ነው። ተክሉ ከእኛ አገር ወጥቶ ሲሄድ ስሙን እዚሁ ትቶ፣ በየደረሰበት ሌላ ስም ሲለብስ ኖሯል። ዛሬ የጃፓን ቡና ሻጮች የጎረቤታችንን የይርጋጨፌን ስም «ኢሩጋቼፌ» ብለው ይጽፉታል። በጃፓንኛ «ጨ»ን የመሰለ ፈንጂ ድምፅ የለም፤ «ር»ም ያለ አናባቢ መቆም ስለማይችል «ሩ» ይሆናል። «ጌዴኦ» የሚለው ስም ግን አንድም ነገር ሳይጎድልበት በሦስት ፊደል ይገባል።

ፊደል ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓኖቹ «ካና» እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይዞ የሚጻፍ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ከቻይና ምልክቶች ተቀንሶ የወጣ ሲሆን፣ መሠረታውያኑ ፊደላት 46 ናቸው። የእኛ ተማሪ «በ»ን ካወቀ «ቡ»ና «ቢ» ዘመዶቿ መሆናቸውን ከመልካቸው ይረዳል። በካና ግን «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» አምስት የማይመሳሰሉ ምልክቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠናሉ። በሌላ በኩል እኛ የጎደለን አንድ ነገር አላቸው። የሚጠብቅ ድምፅ ሲመጣ ከፊቱ ትንሽ ምልክት ያኖራሉ። በእኛ ጽሕፈት «ገና ነው» ብንጽፍ፣ ጊዜው አልደረሰም ወይስ የልደት በዓል ነው ማለታችን እንደሆነ የሚለየው «ና»ን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ፊደሉ ግን ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ኋላ ወደ ግጥም ስንመጣ ስለሚያስፈልገን አንባቢው በልቡ ያቆየው።

«ፉሩ» ለዝናብና ለበረዶ ብቻ የተለየ ግስ ነው፤ ከሰማይ ለሚወርደው ሁሉ ይነገራል። ፍሬ ከዛፍ፣ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ ሌላ ግስ አለ። «ሳኩ» ማለት ማበብ፣ መፍካት ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ እኛ ብዙ ጊዜ «ቡናው አበበ» እንላለን፣ ባለቤቱ ተክሉ ነው፤ በእኔ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ባለቤቷ ራሷ አበባዋ ናት። የ«ሳኩ» ተቃራኒ «ቺሩ» ነው። እንግሊዝኛው መማሪያ ይህን ቃል ለማስረዳት መበተንንና መውደቅን አንድ ላይ አምጥቶ ሦስት መስመር ፈጅቷል። አማርኛ ተናጋሪ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ረገፈ።

ስለ «ሃሩ»ም አንድ ነገር ማለት ይገባል። «ጸደይ» ብዬ የተረጎምሁት በማቅማማት ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ በተለምዶ ግን ብዙ ሰው አደይ አበባ የሚወጣበትን መስከረምን ጸደይ ይለዋል፤ እርሱስ ከመስከረም 26 በኋላ መጸው ነው። የጃፓኑ «ሃሩ» ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ለመጽሐፉ ጸደይ ይቀርባል። የጌዴኦ ቡናም በተለምዶ የሚፈካው በጋው ሲያልቅ በሚመጣው ዝናብ ነው። አደይ አበባን እያሰበ «ሃሩ»ን የሚተረጉም ሰው ግን ወቅቱን በግማሽ ዓመት ያሳስተዋል።

ተራው

መማሪያው መጽሐፍ ገና ከመግቢያው አንባቢውን ያስጠነቅቃል፤ በጃፓንኛ ግስ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ፣ ገላጩ ከተገላጩ እንደሚቀድም፣ ይህም ለለማጅ ትልቅ ፈተና እንደሆነ ይናገራል። እኔና ተማሪዎቼ ይህን ማስጠንቀቂያ ሳቅ ብለን አለፍነው። ዐረፍተ ነገሯን ቃል በቃል ብንፈታት እንዲህ ትሆናለች፤ «ዝናብ ይዘንብ-ሲ፣ ቡና-የ አበባ ይፈካል።» ከሁለት ትንንሽ ነገሮች በቀር አማርኛ ናት። «ቶ» የእኛ «ሲ»፣ «ኖ» የእኛ «የ» ናቸው፤ ነገር ግን እኛ ከፊት የምንቀጥለውን እነርሱ ከኋላ ይቀጥሉታል። «ጋ» ደግሞ ባለቤቱን ያመለክታል፤ ለእርሱ በአማርኛ አቻ የለንም፤ እኛ ምልክት የምናደርገው በ«ን» ለተሳቢው ነው።

ለምን እኛ ከፊት እነርሱ ከኋላ? መልሱ ወደ ራሳችን ታሪክ ይወስደናል። ግእዝ ግስን የሚያስቀድም ቋንቋ ነው። አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ያደረገው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ በመኖሩ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት በአብዛኛው ይስማማሉ። ግሱ ሲሄድ ግን «የ»፣ «በ»፣ «ለ» በሴማዊ ቦታቸው፣ ከስም ፊት ቀሩ። ለዚህ ነው አማርኛ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ የሚመስለው፤ «በዛፉ ላይ» ስንል አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይይዘዋል። በዙሪያችን የሚነገረው ጌዴኡፋ ደግሞ ከደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ የሙያ አመልካች ምዕላዶቹም ከስም በኋላ ይመጣሉ። ዐረፍተ ነገሯን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አፉን በጌዴኡፋ የፈታ አንድ ተማሪ «መምህር፣ ይህማ የእኛ ነው» ያለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ በኩል እርሱ ከእኔ ይልቅ ለጃፓንኛ ይቀርባል።

ቅርበቱ በተለይ የሚታየው ገላጭ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ ነው። «አሜ ኒ ኑሬታ ሃና»፤ አሜ ዝናብ፣ ኒ በ፣ ኑሬታ ረጠበ፣ ሃና አበባ። «በዝናብ የረጠበ አበባ።» ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዝናቡ፣ ከዚያ እርጥበቱ፣ በመጨረሻ አበባው ይታያል። ጃፓንኛ «የ»ን እንኳ አይፈልግም፤ ግሱን ከስሙ ፊት ማስቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ ግን አበባው ይቀድማል፤ ርጥበቱና ዝናቡ ይከተላሉ። በአጭር ግጥም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገጣሚው አበባውን ለመጨረሻ ደብቆ አቆይቶት ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ የመጣው ትርጉም ገና በመጀመሪያው ቃል ምሥጢሩን አውጥቶታል።

ይህን ለማየት አንድ ሙከራ አድርጌ ነበር። ዋናዋን ሳላሳይ፣ የዐረፍተ ነገሯን የእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ወደ አማርኛ እንዲመልሷት ጠየቅሁ። ብዙዎቹ «ቡና የሚያብበው ዝናብ ሲዘንብ ነው» ብለው ጻፉ። ስሕተት አይባልም፤ አማርኛውም ያማረ ነው። ነገር ግን ሌላ ዐረፍተ ነገር ሆኗል። እንግሊዝኛው ቡናን ስላስቀደመ እነርሱም ቡናን ለማስቀደም ሲሉ «የሚያብበው … ነው» የሚል መዋቅር አመጡ፤ ያ መዋቅር ደግሞ አጽንዖቱን ዝናቡ ላይ ጣለው። ዋናዋ ለአንድ ክርክር መልስ አልነበረችም፤ ዝናብ ዘነበ፣ አበባ ፈካ ብላ ብቻ ነበር የተናገረችው። ከጃፓንኛ በቀጥታ ቢመልሱት ኖሮ ይህ ሁሉ መገላበጥ አያስፈልግም ነበር።

«ጋ»ና «ዋ»

ባለቤት ላይ ከ«ጋ» ሌላ «ዋ» የሚባል ተለጣፊ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መማሪያዎች ብዙ ገጽ የሚያጠፉበት ነው። ለእኛ መንገዱን የሚያሳጥሩልን «ስ»ና «ማ» ናቸው። «ሃና ጋ ቺሩ» ቢል፣ ዓይኑ ፊት የሚሆነውን ይናገራል፤ አበባ እየረገፈ ነው። «ሃና ዋ ቺሩ» ቢል ግን አበባን የነገሩ ርእስ አድርጎ ስለ እርሱ ያወራል፤ «አበባማ ይረግፋል»፣ ወይም ስለ ሌላ ነገር ሲወራ ቆይቶ ከሆነ «አበባስ ይረግፋል።» ሙሉ በሙሉ አንድ ናቸው አልልም፤ የእኛ «ስ» ጥያቄና ንጽጽር ይወዳል፣ «ማ» ደግሞ ክርክር ይሸተዋል፤ «ዋ» ከሁለቱም ይልቅ የተረጋጋ ነው። ሆኖም በእንግሊዝኛ ምንም ተለጣፊ የሌለውን ሰው ሌክቸር ከማድመጥ፣ «አበባ ይረግፋል»ንና «አበባማ ይረግፋል»ን ጮክ ብሎ አንብቦ ልዩነቱን ማዳመጥ ይሻላል።

ሲዘንብ፣ ከዘነበ፣ ቢዘንብ

አሁን ወደ «ቶ» እንመለስ፤ እኔን ብዙ ያስተማረችኝ እርሷ ናትና። ጃፓንኛ ለእንዲህ ያለው ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ከአንድ በላይ መንገድ አለው። «ፉሩ ቶ»፣ «ፉታራ» («ታ» ጠብቃ ትነበባለች) እና «ፉሬባ» ሦስቱም በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ቃል ውስጥ ተጨፍልቀው ይቀርባሉ። «ቶ» የመጀመሪያው ሲሆን ሁለተኛው ሳይቀር የሚከተልበትን ይናገራል፤ የተፈጥሮ ሕግን፣ የማሽንን አሠራር፣ የማይዛነፍ ልማድን። ስለዚህ ከ«ቶ» በኋላ ትእዛዝ ወይም ልመና አይመጣም፤ «ዝናብ ሲዘንብ ቤት ግባ» ለማለት ጃፓኑ «ፉታራ»ን ይመርጣል። «ፉታራ» አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ካለቀ በኋላ ያለውን ያያል፤ «ከዘነበ በኋላ»፣ «ከዘነበ» እንደምንለው። «ፉሬባ» ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ያጎላል፤ መዝነቡ ብቻ ይሟላ እንጂ የቀረው ይሆናል እንደ ማለት ነው። ለዚህኛው እንደ አገባቡ «ከዘነበ»ም «ቢዘንብ»ም ሊሆን ይችላል። የእኛ «ሲዘንብ» ከ«ቶ» ሰፋ ይላል፤ ትእዛዝንም ይቀበላል። የ«ቶ»ን እርግጠኝነት በጥብቅ ማምጣት የፈለገ «በዘነበ ቁጥር» ሊል ይችላል፤ ግን ይህ መደጋገሙን እንጂ ጸጥታውን አያመጣውም።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጎረቤቴ ነገርኋቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ከከተማው ዳር ቡና ያላቸው ሰው ናቸው። የጃፓንኛውን ድምፅ እየሳቁ ሰሙ፤ አማርኛውን ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። «መምህር፣ ‹ሲዘንብ› አትበል፤ ‹ከዘነበ› በል» አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር አጋማሽ የጣለውን ዝናብ አነሡ። ቡናው ጊዜው የደረሰ መስሎት ፈካ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ሳምንታት ጠብ ያለ ነገር የለም። አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። «ዱሮ ‹ሲዘንብ› ይባል ነበር» አሉ። «አሁን ዝናቡም ይመጣል፣ አበባውም ይመጣል፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም።»

እኔ ሰዋስው ነበር የጠየቅኋቸው፤ እርሳቸው ግን የመለሱልኝ ስለ ዓመት ቀለባቸው ነው። ሆኖም መልሳቸው ሰዋስውም ነበር። «ቶ» የምትሠራው ተፈጥሮ ቃሏን በምትጠብቅበት ዓለም ነው። በመማሪያው ውስጥ ሳኩራ ከጸደይ ጋር በ«ቶ» መታሰሩ፣ አንባቢው ነገሩን አይጠራጠርም ተብሎ ስለ ታመነ ነው። ለጎረቤቴ ጓሮ «ፉሬባ» ይሻል እንደ ሆነ ያን ጃፓናዊ እንግዳ ስጠይቃቸው፣ ለጥቂት ጊዜ አስበው ሰዋስዋዊ እንደ ሆነ፣ ግን ያሳዝናል አሉኝ።

ማን ፈካ? ማን ወጣ?

እስካሁን ቅርበቱን ስናይ ቆየን፤ ርቀቱ ግሱ ውስጥ ነው። «ሳኩ» የሚለው ግስ ማን እንደ ፈካ አይናገርም። እኔ፣ አንቺ፣ እርሱ፣ እነርሱ ሁሉም «ሳኩ» ናቸው፤ ሴትና ወንድ፣ አንድና ብዙ አይለይም። የእኛ ግስ ግን ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። «ፈካ» ካልን ወንድ አድርገነዋል፤ «ፈካች» ካልን ሴት አድርገናታል፤ ዝም ማለት አንችልም። በአንጻሩ ጃፓንኛ እኛ የማንለውን ይላል። ለሚያከብሩት ሰው ሲናገሩ «ሳኩ» ሳይሆን «ሳኪማሱ» ይባላል። የተከበረው አበባው አይደለም፤ ሰሚው ነው። እኔ ለጎረቤቴ «ቡናው አበበ» ስል ግሴ ውስጥ ለእርሳቸው የሚሆን ክብር የምከትበት ቦታ የለኝም፤ «አባቴ» የሚለውን ቃል ከውጭ እጨምራለሁ እንጂ።

ይህ ለተርጓሚ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሱናሪ ካዋባታ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ደራሲ «ዩኪጉኒ»፣ ማለትም «የበረዶ አገር» በተባለው ልቦለዱ መክፈቻ ላይ ከረጅም ዋሻ ስለ መውጣት ይናገራል፤ ማን እንደ ወጣ ግን አይናገርም። አንባቢው ራሱ ከዋሻው ይወጣል። በ1956 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ባቡሩን ባለቤት አደረገው፤ ቋንቋው ያለ ባለቤት አይሄድምና። አንባቢውም ከባቡሩ ወርዶ ባቡሩን ከሩቅ ይመለከተዋል። አማርኛ ባቡሩን መጥራት አይገደድም፤ ነገር ግን «ወጣ»፣ «ወጣን» ወይም «ሲወጡ» ከማለት አያመልጥም። «ሲወጡ» የሚለው፣ ማንነቱ ያልተነገረ ሰውን ለማመልከት የምንጠቀምበት አነጋገር፣ ለካዋባታ የሚቀርበው ይመስለኛል። በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ «ሲወጡ» ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስላል ይላሉ። ሊሆን ይችላል።

«ፉሩ»ና «ከረመ»

አሁን ያቆየነውን እናንሣ። በጥንታዊው የጃፓን ግጥም «ካኬኮቶባ» የሚባል ስልት አለ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይገባል፤ ከበፊቱ ቃል ጋር አንዱን፣ ከሚከተለው ጋር ሌላውን ያሟላል። «ማትሱ» ጥድ መሰል ዛፍ ነው፤ መጠበቅም ነው። ለዚህ ስልት ጽሕፈታቸው ረድቷቸዋል። በዱሮው ካና «ካ»ና «ጋ»ን፣ «ታ»ና «ዳ»ን የሚለየው ምልክት ብዙ ጊዜ አይደረግም ነበርና፣ ፊደሉ ዝም ባለበት ገጣሚው ይናገራል። የእኛ ባለ ቅኔ ፊደል በማያሳየው መጥበቅና መላላት ኅብረ ቃሉን እንደሚሠራ ማለት ነው።

ሆኖም «ጃፓኖችም ሰምና ወርቅ አላቸው» ብሎ መቸኮል አይገባም። በእኛ ቅኔ ሰሙ ተከፍቶ ወርቁ ይወጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ይበልጣል፤ አድማጩም ወርቁን ሲያገኝ ይረካል። በካኬኮቶባ የሚበልጥ የለም፤ ሁለቱ ትርጉሞች እንደ ሁለት ክፍል ቤት በአንድ በር ይገናኛሉ፤ አንባቢውም ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ አንዱን አፍርሶ ሌላውን አያወጣም።

የእኛዋ የለማጅ ዐረፍተ ነገር «ፉሩ» ከእነዚህ ቃላት አንዷ ናት። «ፉሩ» የዝናብ መዝነብ ነው፤ በጥንታዊው ቋንቋ ደግሞ ዘመን ማሳለፍ፣ ማርጀት ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ባለ ቅኔ ኦኖ ኖ ኮማቺ፣ በ905 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሰበሰበው «ኮኪንሹ» ውስጥ በሚገኝ ዕውቅ ግጥሟ ይህን ቃል ተጠቅማበታለች። ግጥሙ ስለ አበባ መልክ መለወጥና ስለ ራሷ ዕድሜ ነው። «ፉሩ» ዝናቡንም ዕድሜዋንም ይዟል፤ «ናጋሜ» የሚለው ቃልም ረጅሙን ዝናብና በሐሳብ ተውጦ መመልከትን አንድ ላይ ይዟል። ያየኋቸው የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ወይ አንዱን ይመርጣሉ፣ ወይ ሁለቱን ለየብቻ ይዘረዝራሉ።

ይህን ለክፍሉ ሳብራራ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «‹ከረመ› አይሆንም?» አለች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከረመ ማለት ቆየ፣ ጊዜ አሳለፈ፣ ሰነበተ ነው፤ ሥሩ ግን ክረምት ነው። ሰው ሲገናኝ «እንዴት ከረምህ?» ስንል የምንጠይቀው ያለፈበትን ዝናብ ጭምር ነው፤ በግእዝማ «ክረምት» ለዓመትም ይነገራል። በጃፓንኛ ዝናቡና ዕድሜው በድምፅ የተገጣጠሙ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በእኛ ግን ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግሊዝኛ ማስታወሻ የሚያስፈልገውን «በዝናብ ከረምሁ» በሁለት ቃል ይይዘዋል። እርሷ ካለች በኋላ ሌላው ቀለለ። ኮማቺ ለአበባው የተጠቀመችበት «ኢሮ» ቀለምም ውበትም ነው፤ በአማርኛ «መልክ» የአበባም የሰውም ነው። ልጅቱ እነዚህን ሁለቱን ይዛ የጀመረችው ትርጉም ገና አላለቀም፤ ስለዚህ እዚህ አላቀርበውም።

የተያዘችው «ናጋሜ» ላይ ነው። ረጅም ዝናብንና መመልከትን በአንድ ቃል የሚይዝ አማርኛ አጥተን ስንቸገር፣ ከቅኔ ቤት የመጣ አንድ ተማሪ «ማየ ክረምት» ብሎ አቀረበ፤ «ማይ» በግእዝ ውኃ ነው፣ «ማየ» ሲል ደግሞ ማየትን ያሰማል አለ። እኔ ሩቅ እንደ ሆነ ነገርሁት፤ አማርኛ አንባቢ «ማይ»ን ውኃ ብሎ ለመስማት መጀመሪያ ግእዝ ማወቅ አለበት፤ «ማየ»ም ከ«ማየት» ጎድላ የቀረች ናት። ልጁ አልተሸነፈም። «ቅኔ መቼ በአማርኛ ብቻ ተፈቶ ያውቃል፣ መምህር?» አለኝ።